እቴጌ ያልሄዱት መንገድ

ክረምቱ ሲወጣ ከየካው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ፣ ባህር ዛፉን እያቋረጥኩ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሬ መሄድ ልማዴ ነው። እዚያ ስደርስ ሁሌም የማስበው እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ነው።

በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባንም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ደግሞ ከአፄ ምኒልክ ጋር የራሳቸውን ጦር አስከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አገር አቋርጠው፣ የመቀሌው የጣሊያን ምሽግ ውሃው እንዲያዝበት መክረው፣ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ተገኙ።

በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ኑሯቸው እዚሁ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ሆነ። በኅዳር 1910 ዓ.ም. ጎንደር ሄደው የዕድሜያቸውን ፍጻሜ እንዲጠብቁ ንግሥት ዘውዲቱን ለመኑ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን አረፉ። ዛሬ አፅማቸው በዓታ፣ ከምኒልክ ጎን ነው።

ዓድዋ ድረስ የዘመቱት እቴጌ ወደ ዘመዶቻቸው አገር ለመሄድ ፈቃድ አጡ። እኔ ግን ማንንም ሳላስፈቅድ ቁልቁለቱን ይዤ ወደ ቤቴ እወርዳለሁ።