ቡከር ዋሽንግተንና የጡቡ ምድጃ
(አጭር የሕይወት ታሪክ)

ስለ ሙያ ትምህርት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ተማሪው ነው። ምን ይማር፣ ተምሮስ የት ይቀጠር ይባላል። መምህሩ በምን መሣሪያ ያስተምር፣ መሣሪያውንስ ማን ይግዛለት የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። የታሪክ መምህር ጠመኔና ሰሌዳ ካገኘ እንደምንም ብሎ ክፍለ ጊዜውን ይወጣዋል። የአናጢነት መምህር ያለ መጋዝ፣ የግንበኝነት መምህር ያለ ጡብ ምን ሊያስተምር ነው? ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል የኖረ አንድ ሰው ነበር። እርሱም ጥቁር አሜሪካዊው መምህር ቡከር ዋሽንግተን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡከር በ1856 በቨርጂንያ ግዛት፣ በአንድ እርሻ ላይ ከባርያ እናት ተወለደ። እናቱ ጄን የጌታው ወጥ ቤት ነበረች። አባቱን አላወቀውም። በዚያን ዘመን የባርያ ልጅ ፊደል መቁጠር አይፈቀድለትም ነበርና ትንሹ ቡከር የጌታውን ልጅ መጻሕፍት ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኝና ይመለስ ነበር። በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ባርያዎች ነፃ ሲወጡ ቤተሰቡ ወደ ዌስት ቨርጂንያ ተሻገረ። እዚያም ገና በልጅነቱ መጀመሪያ በጨው ማብሰያ፣ ቆይቶም በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠራ። በመጀመሪያ የለየው ጽሕፈት በእንጀራ አባቱ የጨው በርሜሎች ላይ ይጻፍ የነበረው 18 ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ሁለት ሠራተኞች ሲጫወቱ ሰማ። ድኻ ተማሪ በጉልበቱ እየሠራ የሚማርበት ሐምፕተን የሚባል ትምህርት ቤት በቨርጂንያ አለ ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ ልቡ አላረፈም። በ1872፣ በ16 ዓመቱ፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ገሚሱን በእግሩ ተጉዞ ሐምፕተን ደረሰ። ኪሱ ውስጥ የቀረው 50 ሳንቲም ብቻ ነበር። አቧራ የለበሰውን ልጅ ያየችው መምህርት ወዲያው አልተቀበለችውም። በመጨረሻ አንድ ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው። ቡከር ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠረገው፣ አራት ጊዜ ወለወለው። መምህርቲቱ በመሐረቧ ግድግዳውንና ወንበሩን ብታብስ ቅንጣት አቧራ አጣች። የመግቢያ ፈተናው ይኸው ነበር። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ እየሠራ በ1875 ተመረቀ፤ ቀጥሎም መምህር ሆነ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1881 ነው። በአላባማ ግዛት ቱስኪጊ በምትባል ትንሽ ከተማ የቀድሞ ባርያ የነበረ ሉዊስ አዳምስ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ይኖር ነበር። በምርጫ ጊዜ የጥቁሮችን ድምፅ የፈለገ አንድ ነጭ ፖለቲከኛ ወደ እርሱ መጣ። አዳምስም ለድምፁ ዋጋ ጠየቀ፤ ለራሱ ግን አልነበረም፤ የጥቁር መምህራን ማሠልጠኛ እንዲከፈት ነው። የግዛቱ ምክር ቤት በዓመት 2,000 ዶላር ፈቀደ። ለሥራ መሪነት ከሐምፕተን የተላከው የ25 ዓመቱ ወጣት ቡከር ነበር።

ቡከር ቱስኪጊ ሲደርስ ግን የጠበቀውን አላገኘም። ሕጉ የፈቀደው ገንዘብ ለመምህራን ደመወዝ ብቻ ነው። ለመሬት የለም፣ ለቤት የለም፣ ለመሣሪያም የለም። ትምህርት ቤቱ አለ ተብሎ በወረቀት ተጽፏል፤ በምድር ላይ ግን አንድ ድንጋይ እንኳ አልቆመም። እንደ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሙያ ትምህርት በብዙ አገር የሚጀመረው እንዲሁ ነው። ደመወዝ በዓይን የሚታይ ወጪ ስለሆነ ይመደባል፤ መጋዙ፣ መዶሻው፣ ምድጃው ይረሳል።

ሐምሌ 4 ቀን 1881 ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች አሮጌ ጎጆ 30 ተማሪዎችን ይዞ ጀመረ። ጣራው የሚያፈስ ስለነበር ዝናብ ሲመጣ አንድ ተማሪ ትምህርቱን አቁሞ ለመምህሩ ጃንጥላ ይይዝለት ነበር። ወዲያው ከከተማው ወጣ ያለ አንድ የተተወ እርሻ በ500 ዶላር ሊሸጥ መሆኑን ሰማ። ስፋቱ 100 ኤከር፣ በአገራችን በቀድሞው ልክ አንድ ጋሻ ያህል ነው። ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? ለሐምፕተን ገንዘብ ያዥ ጻፈና ሰውየው ከራሱ ኪስ 250 ዶላር አበደረው። የቀረውን ለመክፈል አብራው የምታስተምረው ኦሊቪያ ዴቪድሰን የእራት ግብዣ እያዘጋጀች፣ ቤት ለቤት እየዞረች ለመነች። ያለው ሳንቲም ሰጠ። አንዲት ባርነትን ያዩ አሮጊት ሌላ የሚሰጡት ቢያጡ ስድስት እንቁላል ይዘው መጡ። አምስት ወር ሳይሞላ መሬቱ የትምህርት ቤቱ ሆነ። የፈረስ ጋጣውና የዶሮ ቤቱም ተጠርገው መማሪያ ክፍል ሆኑ።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። ተማሪዎቹ ሥራውን ጠሉት። ከባርነት የወጣ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የላከው ከዶማ ያመልጥልኛል ብሎ ነው እንጂ እንደገና ዶማ ያንሣልኝ ብሎ አይደለም። ወላጆችም መጽሐፍ ይማርልን እያሉ አመለከቱ። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ሲሰድብ በኖረ ኅብረተሰብ ውስጥ ያደግን ሰዎች የእጅ ሥራ ንቀት ምን እንደሆነ አሳምረን እናውቀዋለን። ልዩነቱ የነሱ ጥላቻ ከጅራፍ የመጣ መሆኑ ነው። ታዲያ ቡከር ንግግር አላበዛም። ከትምህርት በኋላ መጥረቢያውን ይዞ ቀድሞ ወደ ጫካው ገባና መመንጠር ጀመረ። መምህሩ ሲፈልጥ ያዩ ተማሪዎች ቀስ በቀስ ተከተሉት።

ከሁሉ የከፋው የጡቡ ሥራ ነበር። ከተማው ውስጥ ጡብ የሚሠራ ስለሌለ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሠርተው ይገንቡ፣ የተረፈውንም ይሽጡ ተባለ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ። 25,000 ያህል ጡብ ተዘጋጅቶ ምድጃ ቢገባ ሳይበስል ተበላሸ። ሁለተኛው ምድጃም ከሸፈ። ሦስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው በሌሊት ተደረመሰ። ገንዘቡ አለቀ፤ መምህራኑም ነገሩ እንዲቀር መከሩ። ቡከር ግን ወደ ሞንትጎመሪ ከተማ ሄዶ የኪስ ሰዓቱን በ15 ዶላር መያዣ ሰጠና አራተኛውን ምድጃ አስነደደ። ጡቡ በሰለ። ሰዓቱ ግን እንደወጣ ቀረ።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። ጡቡ ሲያምር ቀድሞ ትምህርት ቤቱን በጥርጣሬ ያዩት የነበሩ ነጮች ሳይቀሩ መጥተው ገዙ። ቡከር በ1901 የሕይወት ታሪኩን ባሳተመበት ጊዜ ተማሪዎቹ በአንድ የሥራ ወቅት 1,200,000 ጡብ ይሠሩ ነበር፤ ከ40 ቤቶችም ከአራቱ በቀር ሁሉንም የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። ያም ሆኖ ሽያጩ ብቻውን ትምህርት ቤቱን ሊያኖረው አልቻለም። የሚማር እጅ ያበላሻል፣ ይዘገያል፣ ዕቃ ያባክናል። የሙያ ትምህርት ቤት ፋብሪካ አይደለምና ራሱን በራሱ ይቻል ማለት ያስቸግራል። የግዛቱም ድርሻ በ1883 ወደ 3,000 ዶላር ከፍ ቢል እንኳ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም ነበር።

ስለዚህ ቡከር ለማኝ ሆነ ቢባል ማጋነን አይደለም። ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሀብታሞችን ደጅ ሲጠና ያሳልፍ ነበር። የባቡር ሐዲድ ባለጸጋው ሐንቲንግተን መጀመሪያ የሰጠው 2 ዶላር ነበር፤ ሳይሰለች ቢመላለስበት በመጨረሻ 50,000 ዶላር ሰጠ። የብረት ከበርቴው ካርኔጊ በ1900 ለቤተ መጻሕፍት 20,000፣ በ1903 ደግሞ 600,000 ዶላር ለገሰ።

ግን ዋጋ አለው። የበላበትን ወጪት የሚሰብር የለምና ገንዘቡ አፉን ያዘው። በ1895 በአትላንታ ባደረገው ዝነኛ ንግግር ጥቁሮች ለጊዜው የፖለቲካ መብታቸውን ከመጠየቅ ሥራና ሀብትን እንዲያስቀድሙ መከረ። ነጮቹ አጨበጨቡ። በ1903 ምሁሩ ዱ ቦይስ ይህን አቋሙን ክፉኛ ነቀፈ፤ ድምፅ የሌለው ሠራተኛ የሠራውን እንኳ ማስጠበቅ አይችልም ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። ቡከር በምሥጢር የመምረጥ መብት ለሚከራከሩ ሰዎች የጠበቃ ገንዘብ ይከፍል እንደነበር የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በአደባባይ ያልተናገረውን በጓሮ ከፈለው ማለት ነው። በኔ አስተያየት ዱ ቦይስ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ምድጃውን ማን ያነድ ነበር የሚለው ጥያቄም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሌላው ዋጋ የተከፈለው በመምህራኑ ጫንቃ ነው። በ1896 የእርሻ ሊቁ ጆርጅ ካርቨር ቱስኪጊ ሲመጣ ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረም። ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስና የተሰባበረ ዕቃ ለቅሞ መሣሪያ ሠራ። በ1897 ግዛቱ ለእርሻ ምርምር ጣቢያው የፈቀደለት በዓመት 1,500 ዶላር ብቻ ነበር። ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ እርሻውን ይቆጣጠራል፣ የዶሮ እርባታውም ሳይቀር በርሱ ላይ ነበር። ከቡከር ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጨ፤ ደጋግሞም እለቃለሁ ብሎ ጻፈ። ቡከር በበኩሉ ሩቅ አገር ሆኖ እንኳ በየቀኑ ሪፖርት የሚቀበልና ጥቃቅኑን ሁሉ የሚቆጣጠር ጥብቅ አለቃ ነበር። ጠንካራ መሪ ትምህርት ቤት ያቆማል፤ መምህሩን ካላሳረፈው ግን ያቆመውን ያደክመዋል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የሚያስደስተኝ የመጨረሻው ነው። በ1912 ነጋዴው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ለቱስኪጊ ከሰጠው ገንዘብ ጥቂት ተረፈ። ቡከር ትርፉ በገጠር ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ይሠራበት ብሎ ጠየቀና በአላባማ ስድስት ተሠሩ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ለጋሹ የተወሰነውን ይሰጣል፣ ሕዝቡ ገንዘብ፣ እንጨትና ጉልበት ያዋጣል፣ መንግሥትም ትምህርት ቤቱን የራሱ አድርጎ ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። በ1932 ትምህርት ቤቶቹ 5,000 ያህል ደርሰው ነበር። በዚህ አሠራር ሸክሙ በአንድ ሰው ልመና ላይ አልተንጠለጠለም።

ቡከር ዋሽንግተን ኅዳር 14 ቀን 1915 በ59 ዓመቱ ቱስኪጊ ውስጥ አረፈ። በ30 ተማሪዎችና በአንዲት በምታፈስ ጎጆ የተጀመረው ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ 1,500 ያህል ተማሪዎች፣ 200 የሚጠጉ መምህራን፣ ከ100 በላይ ሕንፃዎችና 38 የሙያ ዘርፎች ነበሩት። ከዚሁ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና የተማረው ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ በወረራው ጊዜ በአየር ኃይላችን አገልግሏል። ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ በ1954 ያረፈውም አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ጭቃ የወጣ ሙያ እኛም ዘንድ ደርሷል።

እኛ እጩ መምህራን ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንያዝ። መሣሪያ የለም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ መምህርነት አይደለም፤ ቡከር በዶሮ ቤት አስተምሯል። ነገር ግን መምህር ሰዓቱን እያስያዘ ያስተምር ብሎ መፍረድም አስተዳደር አይደለም። ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ፣ በጀት ሲያዝ፣ የመጋዙንና የመዶሻውን ጉዳይ ከደመወዙ እኩል እናንሣ። ያን ጊዜ ዝም ካልን፣ የምድጃው ወጪ ተመልሶ የሚያርፈው በአንድ መምህር ኪስ ላይ ነው።