ሉዊስ ሂልና የአድማጮች ራዲዮ

የታላላቅ ሰዎች ሕይወት ሲተረክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ደራሲያን ነው። የራዲዮ ጣቢያ ያቋቋመ ሰው ግን ሥራው አየር ላይ የሚበተን በመሆኑ ስሙም አብሮት ይበተናል። ሉዊስ ሂል ግን ከዚህ ዕጣ ያመለጠ ነው፤ በአሜሪካ አገር ያለ ንግድ ማስታወቂያ፣ ያለ መንግሥትም ገንዘብ፣ በአድማጮች መዋጮ ብቻ ለሚኖረው ራዲዮ አባት ተብሎ ይጠራል። ገበያ ያልወጣላቸው ሙዚቀኞችና ባለቅኔዎች ድምፃቸውን የሚያሰሙበትን ቤት የሠራ ሰው ስለ ሆነ፣ ኪነ ጥበብን ለምንወድ ተማሪዎች ታሪኩ የሩቅ ታሪክ አይሆንብንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሂል ሜይ 1 ቀን 1919 ካንዛስ ሲቲ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኦክላሆማ፣ በተልሳ ከተማ ነው። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ። ልጃቸውንም ወደ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ላኩት፤ እርሱ ግን ከዚያ ወጥቶ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ፍልስፍናን ሲያነብና ኩዌከር የሚባሉትን ክርስቲያኖች ትምህርት ሲመረምር ሰውን መግደል በማናቸውም ምክንያት አይገባም ወደሚል እምነት ደረሰ። ይህን ሲወስን ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ አሜሪካ በገባችበት ጊዜ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ጠመንጃ ለማንሣት እንቢ አለ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች መንግሥቱ ያለ ደመወዝ በሚሠሩባቸው ሰፈሮች ይሰበስባቸው ስለ ነበር፣ ሂልም በካሊፎርኒያ ተራራ ውስጥ ወደሚገኘው የኮልቪል ሰፈር ተላከ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የአከርካሪ አጥንት ቁርጥማት ያሠቃየው ነበርና በጤናው ምክንያት ቆይቶ ከዚያ ተለቀቀ።

እነዚህ ሰፈሮች ለታሪካችን አስፈላጊዎች ናቸው። ጦርነቱን እንቢ ካሉት መካከል ገጣሚዎች፣ ተዋናዮች፣ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ይገኙ ነበር። በኦሪጎን በዋልድፖርት ሰፈር የነበሩት ቀን ዛፍ ሲተክሉና መንገድ ሲጠርጉ ውለው ማታ ማታ ቲያትር ይለማመዱ፣ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ ልክ እንደ መጽሔታችን በማባዣ መሣሪያ የሚባዛ ጋዜጣም ነበራቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ወረዱ። አሳታሚ፣ አዳራሽ፣ ሸክላ የሚያወጣላቸው ድርጅት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበር። ሂል ራዲዮውን ሲያስብ ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም ማለት ነው፤ የሚናገሩትና የሚጫወቱት ሰዎች ቀድመው ተዘጋጅተው ቦታ ያጡ ነበሩ።

ሂል ከሰፈሩ ከወጣ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ራዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢ ሆኖ ሠራ። የንግድ ራዲዮን ጓዳ ያየው በዚህ ጊዜ ነው። ባለ ሳሙናውና ባለ ሲጋራው ጊዜውን በገንዘብ ይገዛል፤ ጣቢያውም ለገዢው ብዙ ጆሮ መሰብሰብ አለበት፤ ብዙ ጆሮ ለመሰብሰብም ማንንም የማያስቆጣ፣ ማንንም የማያስደነግጥ፣ ትናንት የተወደደውን የሚመስል ነገር ብቻ ማሰማት ይገደዳል። ሂል በኋላ በጻፈው ጽሑፍ አጥብቆ የመረመረው ግን የባለ ሀብቱን ስግብግብነት ሳይሆን፣ በማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠውን ሰው ሁኔታ ነው። ዜና አንባቢው ራሱ ያልጻፈውን፣ ምናልባትም የማያምንበትን ቃል ከልቡ እንደ ሆነ አስመስሎ እንዲያነብ ይከፈለዋል። ሙዚቀኛውም ዜማውን ለማስታወቂያው በሚመች ደቂቃ ቆርጦ ያቀርባል። እንግዲህ ራዲዮ ነጻ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ነጻ መሆን ያለበት አፉን የሚከፍተው ሰው ነው፤ የሂል ሐሳብ ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚነሣ ነው። አድማጩን ምን ትወዳለህ ብሎ መጠየቅ ሳይሆን፣ ተናጋሪው የሚያምንበትን ይናገር፤ የሚወድ ያዳምጥ አለ።

በ1945 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ በ1946 በሃያ ሰባት ዓመቱ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ፓሲፊካ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ያን ጊዜ የተለመደው የመካከለኛ ሞገድ አየር በንግድ ጣቢያዎች ተይዞ ስለ ነበር፣ ገና አዲስ ወደ ሆነው ወደ ኤፍ ኤም ዞሩ። የኤፍ ኤም መቀበያ ያለው ቤት ግን ጥቂት ነበር። ሰው መቀበያ በሌለው ሞገድ ላይ፣ ሰው ባልለመደው አሳብ፣ ገንዘብ ሳይኖር ጣቢያ መክፈት በእውነት ድፍረት ነው፤ እብደት ያሉትም አልጠፉም ይሆናል። ሆኖም ኤፕሪል 15 ቀን 1949 ከቀትር በኋላ በ3 ሰዓት ኬ ፒ ኤፍ ኤ የተባለው ጣቢያ በበርክሊ ከተማ፣ ከትልቁ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሥራ ጀመረ።

የገንዘቡ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል፤ የሂል ሕይወት የተፈተነው በእርሱ ነውና። አሳቡ፣ በጣቢያው ክልል ካለው አድማጭ ከመቶው ሁለቱ ብቻ በዓመት 10 ዶላር ቢያዋጡ ጣቢያው ይኖራል የሚል ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን የአገራችንን ተረት የሰማ ይመስላል። ነገር ግን ነገሩ ከዕድራችን ይለያል። በዕድር መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ድንኳንና ሰሐን አያገኝም፤ ኀዘንተኛ ሆኖ ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል። በራዲዮ ግን ያልከፈለው ከከፈለው እኩል ይሰማል፤ ሞገዱን ከደጁ የሚመልስበት ዘበኛ የለም። ስለዚህ ሂል የጠየቀው፣ በነጻ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር በፈቃዱ የሚከፍል ሰው እንዲገኝ ነው። አንዷን የመጽሔታችንን ቅጂ ዐሥር ሆነው እያነበቡ የሚያሳልፉ ጓደኞቻችን የዚህን ጥያቄ ክብደት ሳይረዱት አይቀሩም። ሂል ግን መክፈሉ ግዴታ አለመሆኑን እንደ ጉድለት አላየውም። ማንም ሳያስገድደው የከፈለ ሰው፣ የሰማው ነገር ለእርሱ ዋጋ እንዳለው በተግባር መሰከረ ማለት ነው ብሎ ያምን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ምስክሩ በቂ አልሆነም። በ1950 ገንዘቡ አልቆ ጣቢያው ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ አድማጮቹ ራሳቸው ተሰብስበው ገንዘብ ያዋጡ ጀመር፤ በ1951ም ጣቢያው እንደ ገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት ከፎርድ ድርጅት ገንዘብ የ150,000 ዶላር ርዳታ ተገኘ። በአድማጭ ብቻ ይኖራል የተባለው ጣቢያ የባለጸጋ ድርጅት እጅ መቀበሉ ከአሳቡ ጋር አይጋጭምን የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ፍርዳችን ለሂል ያደላል፤ ርዳታው የመጣው አድማጮቹ ጣቢያውን ከሞት ካስነሡት በኋላ ነውና።

አሁን ደግሞ በዚህ ጣቢያ ምን ይሰማ እንደ ነበር እንመልከት። አንቶኒ ባውቸር የተባለው የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ የቀደሙ የኦፔራ ዘፋኞችን አሮጌ ሸክላዎች እያመጣ ያሰማ ነበር፤ ይህንንም ከ1949 ጀምሮ በ1968 እስከ ሞተበት ድረስ አላቋረጠም። ፊል ኤልዉድ ከራሱ ስብስብ የጃዝ ሸክላ እየመረጠ ታሪኩን ያስረዳ ነበር። ገጣሚው ኬኔት ሬክስሮት መጻሕፍትን ይተች፣ አለን ዋትስ የእስያን ፍልስፍና ያስተምር፣ በኋላ ስሟ በአገሩ ሁሉ የገነነው ፖሊን ኬል ያለ ክፍያ ፊልሞችን ትመረምር ነበር። የእስያና የሌሎች አገሮች ሙዚቃ፣ የገጠር ባላድ፣ ገና የሙዚቃ አዳራሾች በር ያልተከፈተላቸው የወጣት አቀናባሪዎች ሥራ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደመጥ ነበር።

ሐሪ ፓርችን በተለይ እናንሣው። ይህ ሰው የፒያኖው ዐሥራ ሁለት ድምፅ የሰውን ጉሮሮ አይመስልም ብሎ፣ አንዱን ኦክታቭ በአርባ ሦስት ከፍሎ፣ ለዚህም የሚስማሙትን መሣሪያዎች ከእንጨትና ከብርጭቆ በገዛ እጁ የሠራ ነው። ለምዕራባውያን ጆሮ ይህ ጉድ ነበር። በገናና መሰንቆ እየሰማን ላደግን ለእኛ ግን ፒያኖ የማያውቃቸው ድምፆች መኖራቸው ብዙም የሚያስገርም አይደለም። ፓርች እንደ መናኝ ከቦታ ቦታ እየተንከራተተ ሸክላዎቹን ራሱ በደንበኝነት ይሸጥ ነበር፤ ትልቅ ድርጅት አልቀረበውም። የሂል ጣቢያ ግን ሙዚቃውን አሰማለት። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ጣቢያ በሩን መክፈቱ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ዘፈን ይዞ በየቢሮው የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ሂል ራሱ ቅኔ የሚጽፍ ሰው ነበር። ድምፁ ዝግ ያለና የጠራ እንደ ነበር ይነገርለታል። በጣቢያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አለቃውም ሠራተኛውም እኩል ደመወዝ ነበራቸው፤ ገንዘብ ሲጠፋም እኩል ያጡ ነበር። ይሁን እንጂ ሰላምን የሚሰብክ ሁሉ ሰላም ያገኛል ማለት አይደለም። ጣቢያው እየሰፋ ሲሄድ፣ ማን ይወስን፣ ምን ይሰማ፣ አለቃስ ያስፈልጋልን በሚል ጥያቄ ሠራተኞቹ ለሁለት ተከፈሉ። በ1953 ሂል ሥራውን ለቀቀ፤ በ1954 ተመለሰ፤ ክርክሩ ግን አብሮት ተመለሰ። ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ስለ ነጻነት የሚጽፈው ሰው በቢሮው ውስጥ ብቻውን መወሰን ይወዳል ብለው ይወቅሱት ነበር። ወቀሳው ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሂል ጣቢያውን እንደ ልጁ ያይ ስለ ነበር ልጁን ለማኅበር ማስረከብ ከበደው። በዚህ ላይ ቁርጥማቱ እየጸና መጥቶ መቀመጥም መቆምም ሥቃይ ሆነበት። ኦገስት 1 ቀን 1957 በሠላሳ ስምንት ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አሳለፈ። ስለ አድማጮች መዋጮ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1958 ነው።

መሥራቹ ሲሞት ማኅበሩም አብሮ መፍረሱ በየአገሩ የታየ ነው። ፓሲፊካ ግን አልፈረሰም። በ1959 በሎስ አንጀለስ፣ በ1960 በኒው ዮርክ፣ በ1970 በሂውስተን፣ በ1977 በዋሽንግተን ጣቢያዎች ተከፈቱ። የሂውስተኑ ማሰራጫ በተከፈተበት ዓመት ሁለት ጊዜ በቦምብ ተመትቶ ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ቀደም ሲልም የፌዴራሉ መገናኛ ኮሚሽን ጣቢያዎቹ አሳፋሪ ግጥምና ቲያትር አሰምተዋል በሚል ክስ ፈቃዳቸውን ይዞ ሲመረምር ቆይቶ፣ በ1964 ፈቃዱን አድሶላቸዋል።

ለሙዚቀኞቹም ቤቱ ክፍት እንደ ሆነ ቆየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በበርክሊው ጣቢያ ያለ ደመወዝ በድምፅ መሐንዲስነት የሚያገለግል ፊል ሌሽ የተባለ ወጣት ነበር። አንድ ቀን በግብዣ ላይ የሰማውን የአንድ ስም የለሽ ጊታር ተጫዋች ዘፈን በቴፕ ቀድቶ ለእኩለ ሌሊቱ የባሕል ሙዚቃ ዝግጅት ኀላፊ አሰማት፤ እርስዋም ለተጫዋቹ ሙሉ ዝግጅት ሰጠችው። ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሲያ ነበር፤ ሁለቱ ኋላ ግሬትፉል ዴድ በተባለው ዝነኛ ጓድ ውስጥ አብረው ተጫውተዋል። በ1963 ደግሞ ጣቢያው በሳን ፍራንሲስኮ በዲቪዛዴሮ መንገድ የሚገኘውን ቤት በቴፕና በኤሌክትሪክ ድምፅ ሙዚቃ ከሚሞክሩ ወጣት አቀናባሪዎች ጋር ተጋራ፤ በ1964 የቴሪ ራይሊ ኢን ሲ የተባለው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚያ ቤት ነው።

በኒው ዮርኩ ጣቢያ በ1962 መጀመሪያ ላይ ገና ብዙ ሰው የማያውቀው ቦብ ዲላን መጥቶ ዘፍኖአል። ሁሉን የሚያስቀው ግን በ1967 የሆነው ነው። የዉዲ ገትሪ ልጅ አርሎ ገትሪ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ግማሹ ወሬ ግማሹ ዘፈን የሆነ ነገር ይዞ ከሌሊቱ ዝግጅት ቀረበ። ማንም የንግድ ጣቢያ ይህን ያህል ርዝመት አይታገሥም። የኒው ዮርክ አድማጮች ግን እንዲደገም ፈለጉ፤ ጣቢያውም ገንዘብ በሚሰበስብበት ጊዜ፣ የሚፈልግ ያዋጣና ይደገምለት አለ። ብር እየጐረፈ ዘፈኑ እየተደጋገመ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ሄደ። በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹ ዘዴውን ገለበጡት፤ እንዲቆም የሚፈልግ ያዋጣ አሉ፤ አድማጮቹም እንዲቆም ሌላ ገንዘብ አዋጡ።