ሙሴ ኢልግና የፎቶግራፍ መነጽር

አልፍሬድ ኢልግ በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በሚባል ከተማ በ1846 ዓ.ም. ተወለደ። በዙሪክ ከተማ ባለ ታላቅ ትምህርት ቤት የመሐንዲስነትን ሥራ ተማረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእጅ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎችን በፈለጉ ጊዜ እርሱ ጥሪውን ተቀበለ፤ ባሕርንና በረሓን ተሻግሮም በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ ሰዎችም ሙሴ ኢልግ ይሉት ጀመር።

ሥራው ብዙ ነበረ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አመጣ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ለማሠራት ፈቃድ ተቀበለ። በ1889 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት።

ይህን ያህል ሥራ የተሸከመ ሰው ትርፍ ጊዜ ያለው አይመስልም። ሙሴ ኢልግ ግን ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ነበረ። ይህ እንጀራው አልነበረም፤ ፍቅሩ ነበረ እንጂ።

የፎቶግራፍ መሣሪያ ዓይኑ መነጽሩ ነው። መነጽሩም ጠርቶ የተሳለ መስተዋት ነው። ከሰው ፊት የመጣ ብርሃን በመነጽሩ ሲያልፍ ይሰበሰባል፤ በጨለማውም ሣጥን ውስጥ የዚያ ሰው መልክ ተገልብጦ ይታያል። በዚያ ዘመን መልኩን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የብር ቅመም የተቀባ ጠፍጣፋ መስተዋት ነበረ። መስተዋቱ ከባድ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ብርሃን ያለ ጊዜው ቢነካውም ይበላሻል። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1880 ዓ.ም. በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ካወጣ በኋላ ሥራው ቀለለ። ከዚያ በፊት ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሞክረውም ነበረ። 

አዲስ አበባ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ከተማ ነበረች። ዛሬ ታላላቅ ቤቶች የቆሙበትና አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦሌ ከከተማው ውጭ ያለ ገጠር ነበረ። ከተማ ሲያድግ የቀድሞ መልኩን ይረሳል፤ የሰው ልጅም እንደዚሁ የአባቶቹን ፊት ይረሳል።

ሙሴ ኢልግ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ፎቶግራፎች ግን በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይኖራሉ። የዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰዎችና የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት በእነርሱ ይታያል። ከእነዚያ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያለ አንድ ስንኳ የለም፤ መልካቸው ግን አልጠፋም።

መነጽር ባለጠጋውን አያስውብም፤ ድኻውንም አያዋርድም፤ ያየውን እንዳለ ያሳያል። ወዴት እንዲያይ የሚመርጠው ግን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ዓይናችሁን ወደ መልካም ነገር አቅኑ፤ ያያችሁትንም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተናገሩ። ትርፍ ጊዜያችሁንም በከንቱ አትጣሉ። ሰው ለደመወዝ ያልሠራው ሥራ አንዳንድ ጊዜ ከደመወዙ ሥራ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።