ስንዴና ሚዛኑ፦ የኢግናቲየስ ዶኔሊ የሕይወት ታሪክ

አርሶ አደር በማሳው ለፍቶ ያገኘውን ምርት ገበያ ላይ በሚዛን ሊያጣው ይችላል። ከ140 ዓመታት በፊት ይህን ችግር በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንዱ ኢግናቲየስ ዶኔሊ ነው። በዚህ የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል እትም የዚህን ጠበቃና ፖለቲከኛ ታሪክ ለአባሎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዶኔሊ በ1831 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የመጡ ሐኪም ሲሆኑ፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ ስላረፉ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ሕግ ተምሮ የጥብቅና ፈቃድ ካገኘ በኋላ በ1850ዎቹ አጋማሽ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። እዚያም ከሸሪኩ ጋር በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ኒኒንገር የተባለች ከተማ ለመቆርቆር ተነሣ። ነገር ግን በ1857 በአገሪቱ በደረሰው የገንዘብ ቀውስ የቦታ ገዢ ጠፋ፤ ከተማዪቱም ሳታድግ ቀረች። ዶኔሊ ቦታውን አልለቀቀም። ለቤት መሥሪያ የታሰበውን መሬት ስንዴ ዘራበት። ጠበቃው አርሶ አደር የሆነው እንዲህ ነው።

ንግግር አዋቂ ስለነበረ በ28 ዓመቱ የግዛቱ ምክትል ገዥ ሆነ። ከ1863 እስከ 1869 በአገሪቱ ምክር ቤት የሚኒሶታ ተወካይ ሆኖ ሠርቷል፤ ባርነት እንዲወገድም ድምፅ ሰጥቷል።

በ1870ዎቹ ግሬንጅ ለተባለው የገበሬዎች ማኅበር እየዞረ ያስተምር ነበር። ከ1874 ጀምሮም በግዛቱ ሴኔት ተቀምጦ፣ ጋዜጣም እያሳተመ የባቡር ኩባንያዎችንና የእህል ገዢዎችን በደል ተቃወመ።

በዚያን ጊዜ የሚኒያፖሊስ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቶች ተደራጅተው ስንዴ በጋራ ይገዙ ነበር። ወኪሎቻቸው ናሙናውን በአነስተኛ የናስ ዕቃ ሞልተው ይመዝናሉ፤ ከክብደቱም ተነሥተው ደረጃ ያወጣሉ። እህል ላላ ብሎ ሲሞላ ይቀላል፣ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ይከብዳል። ስለዚህ አርሶ አደሮች ጥሩ ስንዴያችን በገዢው እጅ ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠዋል እያሉ ያማርሩ ነበር። ዶኔሊ በ1878 ለአገሪቱ ምክር ቤት ሲወዳደር ይህንኑ የናስ ዕቃ ዋና መከራከሪያው አደረገው። ተፎካካሪው ዊልያም ዋሽበርን ከዱቄት ንግድ ጋር የተሳሰረ ሰው ነበር። ምርጫውን ያሸነፈው ዋሽበርን ነው።

የአርሶ አደሩ አቤቱታ ግን አልቆመም። በ1885 የሚኒሶታ ግዛት እህል በመንግሥት መዛኞችና መርማሪዎች እንዲመዘንና ደረጃ እንዲወጣለት ሕግ አወጣ።

በ1892 የሕዝብ ፓርቲ በኦማሃ ከተማ ሲሰበሰብ የፕሮግራሙን መግቢያ የጻፈው ዶኔሊ ነበር። የፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ቢያገኝም አላሸነፈም። ዶኔሊም በዚያው ዓመት ለገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ሆኖም ፕሮግራሙ ከጠየቃቸው ነገሮች ሁለቱ፣ በገቢ መጠን የሚጨምር ግብርና የሴናተሮች በሕዝብ በቀጥታ መመረጥ፣ በ1913 በተደረጉ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች መንገድ አገኙ። እሱ ግን ይህን አላየም፤ ጥር 1 ቀን 1901 በ69 ዓመቱ አረፈ።

ዶኔሊ ጉድለትም ነበረበት። ፓርቲ ደጋግሞ ቀይሯል፤ ሰጠመች ስለሚባለው ደሴት ስለ አትላንቲስ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍም ሳይንስ አልተቀበለውም። በሚዛኑ ጉዳይ ግን የያዘው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ገዢው ራሱ መዛኝ፣ ራሱ ደረጃ አውጪ ከሆነ ሻጩ በምን ይተማመናል?

ይህ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ማኅበራችን ከአባሉ እህል ሲረከብ እሱም ገዢ ነው። ስለዚህ አባላት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ፤ ደረጃው እንዴት እንደወጣ እንጠይቅ፤ ደረሰኛችንን እንያዝ። የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴዎችም ሚዛኑ በየጊዜው እንዲፈተሽ ያድርጉ። አባል ማኅበሩን የሚያምነው ሚዛኑን ሲያምን ነው።