ሳይነበብ የቆየው ጽሑፍ
የአባ ዦርዥ ለሜትር የሕይወት ታሪክ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማታ ከደጅ ወጥቶ በጭላሎ ተራራ አናት ላይ የፈሰሱትን ከዋክብት ያላየ የአሰላ ልጅ የለም። ይህ የከዋክብት ዓለም ሁልጊዜ እንዳለ የሚኖር ነው ወይስ የሚለወጥ? ለዚህ ጥያቄ በምርምር መልስ ካገኙት ሊቃውንት አንዱ የቤልጅጉ ተወላጅ አባ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። ታሪካቸው የሰማይን ነገር ከማስተማሩም በላይ፣ መልካም ሥራ ተሠርቶ ሳይነበብ ሲቀር ምን እንደሚደርስበት ያሳየናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ለሜትር በሐምሌ ወር 1894 ሻርለርዋ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በሉቨን ዩኒቬርሲቲ ምህንድስና ሲማሩ በ1914 ታላቁ ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው ዘመቱ፤ በመድፈኛ ክፍል አገልግለውም የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለሙ። ሰላም ሲሆን ምህንድስናውን ትተው ወደ ሒሳብና ፊዚክስ ዞሩ፤ በ1920 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በ1923 ቅስና ተቀበሉ። ከዚያም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ስመ ጥሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር አርተር ኤዲንግተን ዘንድ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ጥናታቸውን ቀጠሉ።

በ1925 ወደ ሉቨን ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ታላቁን ጽሑፋቸውን አወጡ። በዚህ ጽሑፍ የፕሮፌሰር አይንሽታይንን ቀመር መሠረት በማድረግ፣ ዓለም ባለበት የቆመ ሳይሆን እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን አስረዱ። ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበትን የድፎ ዳቦ ሊጥ እናስብ። ሊጡ ኩፍ ሲል አንዱ ፍሬ ከሌላው ይርቃል፤ አስቀድሞ የተራራቁትም ይበልጥ ፈጥነው ይራራቃሉ። ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ጭፍሮች እንዲሁ ናቸው። በ1922 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን በሒሳብ ወደዚሁ ሐሳብ ደርሶ ነበር፤ አባ ለሜትር ግን ይህን ሳያውቁ፣ ሒሳቡን ከ42 ጋላክሲዎች ልኬት ጋር አገናኝተው የመስፋፋቱን ፍጥነት አሰሉ።

ነገር ግን ጽሑፉ የወጣው በፈረንሳይኛ ቋንቋ፣ ከቤልጅግ ውጭ ብዙ አንባቢ ባልነበረው በብሩክሴል የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ነበር። ኤዲንግተን ቅጂው ቢደርሳቸውም ልብ ሳይሉት ቀሩ። አይንሽታይንም በዚያው ዓመት ብሩክሴል ላይ ሲገናኙ፣ ሒሳቡን ትክክል ነው ብለው ሐሳቡን ግን አልተቀበሉትም። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሃብል የጋላክሲዎች ፍጥነት ከርቀታቸው ጋር እንደሚጨምር የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ፤ ሕጉም በስሙ ተጠራ።

በ1930 አባ ለሜትር ለመምህራቸው ደብዳቤ ጽፈው የቀድሞ ሥራቸውን አስታወሱ። ኤዲንግተንም ሥራውን ለሊቃውንት ስላስታወቁ፣ በ1931 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደን ታተመ። የሚያስደንቀው ግን የፍጥነቱ ስሌት ያለበት ክፍል ከትርጉሙ ውስጥ አለመገኘቱ ነው። በኋላ ዘመን አንዳንዶች ክብራቸው ሆን ተብሎ የተነጠቀ መሰላቸው። በ2011 ከማኅደር የተገኘ ደብዳቤ ግን እውነቱን ገለጠ፤ ተርጓሚውም ክፍሉን ያስቀሩትም ራሳቸው አባ ለሜትር ነበሩ። አዲስ ልኬት ከወጣ ወዲህ የቀድሞውን ደግሞ ማተም አስፈላጊ መስሎ አልታያቸውም።

በዚያው ዓመት፣ ዓለም ከአንድ እጅግ የታመቀ ነገር እንደ ጀመረ የሚናገር አጭር ጽሑፍ አወጡ። ቄስ ቢሆኑም ይህን ሐሳብ የሃይማኖት ማስረጃ ለማድረግ አልፈለጉም፤ ሁለቱን በየስፍራቸው ያኖሩ ነበር። በ1965 ከዚያ ከጥንት ዘመን የተረፈው ጨረር መገኘቱ ተነገረ። አባ ለሜትርም ይህን የምሥራች ከሰሙ በኋላ ሰኔ 20 ቀን 1966 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2018 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ድምፅ አሰጥቶ፣ ከመራጮቹ 78 በመቶ የሚሆኑት በመደገፋቸው ሕጉ የሃብልና የለሜትር ሕግ እንዲባል ወሰነ። ይህም ከሞቱ ከ52 ዓመት በኋላ ነው።

በአርሲ ምድር የሯጭ ብርታት በሰዓት ይለካል። የተመራማሪ ሥራ ደግሞ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚለካው፣ ስንት ሌሎች ጽሑፎች ዋቢ እንዳደረጉት በመቁጠር ነው። በዚህ ቁጥር ቢመዘን፣ የ1927ቱ ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከምንም የማይቆጠር ነበር፤ እውነትነቱ ግን ያን ጊዜም አልጎደለም። እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ሥራችን ጥቂት አንባቢ ስላገኘ ተስፋ አንቁረጥ፤ ነገር ግን ሰው በሚያገኘው ስፍራና በሚረዳው ቋንቋ እንጻፈው። የሌላውንም ሥራ ስንጠቅስ፣ አስቀድሞ የደከመውን ሰው ስም አንዘንጋ።