የመምህራን መምህር፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት



ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከአባሎቻችን አንዷ እናት የልባቸውን ኀዘን አጫወቱን። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው ልጃቸው ደብተሩን ጥሎ፣ ባሕታዊ ነኝ የሚሉ አንድ ሰው ተከትሎ ወደ እንጦጦ ጫካ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቤት ዝር አላለም። ሰው ልከው ቢያስጠሩትም፣ ያ ሰው ስላልፈቀዱለት መምጣት እንደማይችል ነው ያስነገረው። ይህን ስንሰማ ግማሾቻችን ልጁ ተጠርቷል አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ተታሏል አልን። ክርክሩ ሳያልቅ ንፍሮው ቀረበና በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመሆኑ ሰው የነፍስ መምህር ሲከተል እስከ የት ነው መከተል ያለበት? እውነተኛውንስ መምህር ከአስመሳዩ በምን እንለየዋለን? እኔ ሊቅ አይደለሁምና ከራሴ አውጥቼ መልስ ከምሰጥ፣ መምህር ተከትለው በኋላ ራሳቸው የመምህራን መምህር የሆኑትን የአንድ አባት ሕይወት ባጭሩ ላቅርብ። እኒህ አባት የሐይቁ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ1206 ዓ.ም. ገደማ፣ ያን ጊዜ በቤጌምድር በሚቆጠረው በዳኅና ነው። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ የነገሡበት ነበር። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ የወላጆቻቸውን ቤት ትተው ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ደብረ ዳሞ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ገደሉ 15 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ መውጫውም እስከ ዛሬ ገመድ ነው። እንግዲህ እዚያ የሚወጣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ነፍሱን ከላይ ሆኖ ለሚጎትተው ሰው አደራ ሰጥቶ ነው የሚወጣው።

የአምባው አበ ምኔት በዚያን ጊዜ አባ ዮሐኒ ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በእርሳቸው ሥር ሰባት ዓመት እንደ ተማሩ ገድላቸው ይተርካል። በገዳም ሥርዓት ጀማሪ የሆነ ረድእ ከመጽሐፉ በፊት ሥራውን ነው የሚማረው። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ አረጋውያንን ይረዳል። አባ ኢየሱስ ሞዓም በዚሁ አለፉ፤ ከዚህም ጋር ብራና ላይ መጻፍን ተምረው ጥሩ ጸሐፊ ወጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ምንኩስና በአገራችን ሰው ብድግ ብሎ ለራሱ የሚያጠልቀው ልብስ አይደለም። ቆብ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የአባቶቻችን ትውፊት ሐረጉን ከግብፁ ከአባ እንጦንስ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ከአባ መቃርስና ከአባ ጳኩሚስ ወደ አቡነ አረጋዊ፣ ከእርሳቸው ወደ ክርስቶስ ቤዛነ፣ ወደ መስቀል ሞዓ፣ ወደ ዮሐኒ፣ ከዚያም ወደ ኢየሱስ ሞዓ ያደርሰዋል። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ አለው ማለት ነው።

ሰባቱ ዓመት ሲፈጸም አባ ኢየሱስ ሞዓ ከአምባው ወረዱ። ገድሉ መልአክ እየመራቸው ወደ ደቡብ እንደ ተጓዙ ይናገራል። የደረሱትም ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሐይቅ ላይ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተመሠረተበት ስፍራ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ያን ጊዜ ግን በታንኳ የሚሻገሩበት ደሴት ነበር። በ1240 ዓ.ም. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ሰፍረው ማስተማር ጀመሩ።

ታዲያ ሥራቸው ምን ነበር ቢባል፣ ሰውና መጽሐፍ ማፍራት ነው። ቀን ደቀ መዛሙርት ያስተምራሉ፤ መጻሕፍት ይጽፋሉ፣ ያስጽፋሉም። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከነሥዕሉ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የራሳቸውም ሥዕል በውስጡ አለ። በአገራችን ዘመኑ በውል ከሚታወቅ ጥንታውያን ሥዕል ያላቸው መጻሕፍት አንዱ ይህ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ደሴቲቱ ስትዘረፍ ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ ያ ወንጌል ግን ተርፏል።

ትውፊቱ በ1262 ዓ.ም. ገደማ የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክም በልጅነታቸው ከሐይቅ እንደ ተማሩ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሐይቅ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው። ይህን ሁሉ ክብር አግኝተው ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደሴታቸውን ትተው ቤተ መንግሥት አልገቡም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አባ ኂሩተ አምላክ በጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን ሁላችንም በየወሩ በ24 የምንዘክራቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ወደ ሐይቅ ሲመጡ ጀማሪ አልነበሩም። ቅስና ተቀብለዋል፣ በዳሞት ሰብከዋል፣ በአማራ አገር በሌላ ገዳምም ለብዙ ዓመት በረድእነት አገልግለዋል። እንዲህ ያለ ስም ያተረፈ ሰው ለሌላ መምህር ዝቅ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እርሳቸው ግን በሐይቅ ወደ 10 ዓመት ያህል እንደ ማንኛውም ረድእ ሲያገለግሉ ኖሩ፤ ምንኩስናንም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ ተቀበሉ።

የእኔን ልብ የነካው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ያገኘ መምህር አጠገቤ ይቅር ባለ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ከሐይቅ ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ፣ የመምህራቸው መምህር ወደሆኑት ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ፤ እዚያም ብዙ ዓመት ቆይተው አስኬማ ተቀበሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በሩን አልዘጉባቸውም። ተመልሰው በሐይቅ በኩል ሲያልፉ የሆነውን ነገር ሁለቱ ገዳማት በየበኩላቸው ይተርኩታል። የሐይቅ ሰዎች የመምህራቸውን አባትነት ያጸናሉ። የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ደግሞ መምህሩ በተራቸው አስኬማውን ከደቀ መዝሙራቸው እጅ እንደ ተቀበሉ ይናገራሉ። ማን ከማን በለጠ በሚል ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። እኔ ግን ሁለተኛውን ስሰማ አባ ኢየሱስ ሞዓ አነሱ ብዬ አላስብም። ያስተማሩት ልጅ ይዞ የመጣውን በረከት ጎንበስ ብሎ መቀበል የሚችል መምህር ከማንም አያንስም።

ከዚያ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ወርደው በ1276 ዓ.ም. ገደማ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህም በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን በደሴታቸው እንዳሉ በ1285 ዓ.ም. ገደማ አረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ይህ የመምህርና የደቀ መዝሙር ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ሐይቅ ባለበት በወሎ ምድር ሙስሊም ወንድሞቻችንም ሼህና ደረሳ የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። በሩቅ በህንድ አገር ደግሞ በሂንዱ ሃይማኖት ነፍስን ወደ አርነት የሚያደርሰውን መንገድ የሚያሳየው መምህር ጉሩ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት በካልካታ አጠገብ ራማክሪሽና የሚባሉ ጉሩ ነበሩ። ናሬንድራናት የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ቶሎ አላመናቸውም። ይከራከራቸዋል፣ ይፈትናቸዋል፤ እርሳቸውም ታግሠው ይቀበሉታል። ኋላ ልቡ ሲሸነፍ፣ ዓለምን ረስቶ በተመስጦ ሰጥሞ መቅረት ተመኘ። ጉሩው ግን በዚህ ገሠጹት፤ ብዙ ሰው ጥላው ሥር የሚያርፍበት ትልቅ ዛፍ እንዲሆን ነበር የሚሹት። በ1878 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ከተማ ገና እዚሁ እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ራማክሪሽና አረፉ። ወጣቱም ቪቬካናንዳ በሚል ስም በዓለም ታወቀ፤ በ1889 ዓ.ም. በመምህሩ ስም ድርጅት አቋቁሞ በሽተኛውንና ድሃውን ማገልገል ጀመረ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፤ መምህሩ ግን ልጁን ለራሱ አላስቀረውም።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት የምንማረው ሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ እውነተኛ መምህር ራሱ የሌላ መምህር ልጅ ነው፤ ቆቡን ከማን እንደ ተቀበለ ሲጠየቅ አይቆጣም። ሁለተኛ፣ ደቀ መዝሙሩን ሥራና ትምህርት ይሰጠዋል እንጂ ዝም ብሎ አጠገቡ አያስቀምጠውም። ሦስተኛ፣ መሄጃው ጊዜ ሲደርስ መርቆ ይሸኘዋል።

ስለዚህ ያችን እናት ዝም ብለን ልናስተዛዝናቸው ብቻ አይገባንም። ከዕድራችን ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ሰዎች፣ አንድ ካህንም ጨምረው፣ ወደ ጫካው ቢወጡና ሰውየውን በትሕትና ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው እላለሁ። ከየት ገዳም እንደ መጡ፣ አባታቸው ማን እንደሆኑ ይጠይቋቸው። ልጁም ወርዶ እናቱን እንዲጠይቅና ትምህርቱን እንዲጨርስ ይለምኑላቸው። እኒያ ሰው እውነተኛ አባት ከሆኑ ልጁን ከነምርቃቱ ይልኩታል፤ ልጁም ልቡ ከጸና በኋላ ገዳም መግባቱን የሚከለክለው የለም። እምቢ ካሉ ግን መልሱን በዚያው አገኘን ማለት ነው።

ዕድር የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበር ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያለውንም ሳይጠፋ ለመፈለግ ነው። የከርሞ ሰው ይበለን።