ከመዝሙር ወደ ዘፈን የተሻገረው ሳም ኩክ

በቋንቋችን መዝሙርና ዘፈን ለየቅል ናቸው። በመሃላቸው ያለውም አጥር ቀላል አይደለም። አንድ ዘማሪ አጥሩን ዘሎ ዘፈን ከጀመረ፣ የዘፈነውን እንኳ በቅጡ ሳንሰማ ከዳ ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊው ሳም ኩክም ቀምሶታል።

ሳም እ.ኤ.አ. በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ ክላርክስዴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ሲሄድ ልጁ ገና ሕፃን ነበር፤ ከወንድም እህቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረ አደገ። በ1950፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ሶል ስተረርስ ወደተባለው ዝነኛ የመዝሙር ቡድን ገባ። የተካው አር. ኤች. ሃሪስን የመሰለ ትልቅ ዘማሪ ስለነበር ሸክሙ ከባድ ነበር። ሳም ግን ተወጣው፤ ወጣቱንም ወደ መዝሙር ጉባኤ ሳበ።

ዓለማዊ ዘፈን ሲሞክር መጀመሪያ የተደበቀው በስሙ ነው። በ1957 የወጣችው ነጠላ ዜማ የተሸጠችው ዴል ኩክ በሚል ስም ነበር። ዜማው ከቡድኑ ጋር የዘመረው መዝሙር ሲሆን፣ የተለወጠው ግጥሙ ነው፤ የአምላክ ውዳሴ የነበረው የሴት ውዳሴ ሆነ። ድምፁን የሚያውቅ ሰው ግን በስም ለውጥ አይታለልም። ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ተለየ። በዚያው ዓመት በራሱ ስም ያወጣው ዩ ሴንድ ሚ በጥቁሮቹም በአጠቃላዩ የፖፕ ሰንጠረዥም 1ኛ ሆነ።

ታዲያ የመጣበትን ረሳ? አልረሳም። ከአጋሩ ከጄ. ደብሊው. አሌክሳንደር ጋር ኤስ ኤ አር የተባለ ሸክላ አሳታሚ አቋቋመ፤ ጥሎት የሄደውን ሶል ስተረርስንም በዚያው አስቀረጸ። የዘፈኖቹን መብት የሚያስተዳድር የራሱ ድርጅትም ነበረው። ብዙ ጥቁር ሙዚቀኛ የድካሙ ዋጋ በሌላ ኪስ በሚገባበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዝናው ግን ከዘረኝነት አላዳነውም። በጥቅምት 1963 ሉዊዚያና፣ ሽሪቭፖርት ውስጥ አንድ ሆቴል አላሳድርም አለው፤ ተቃውሞ ሲያሰማም ታሰረ። በጥር 1964 ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ካም የተባለውን ዘፈኑን ቀረጸ። ዘፈኑ የጥቁሮች የመብት ትግል መዝሙር ሆነ። ብሶቱ የአደባባይ ነው፤ የሚዘፈንበት ስሜት ግን ያደገበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘፈኑ በነጠላ ዜማ ሲወጣ ግን ሳም በሕይወት አልነበረም። ታኅሣሥ 11 ቀን 1964፣ በ33 ዓመቱ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ሞቴል ውስጥ የሞቴሉ ኃላፊ ተኩሳ ገደለችው። መርማሪዎቹ ራሷን ለመከላከል ነው ብለው ወሰኑ፤ ቤተሰቡ ግን አልተቀበለውም።

ሳም ቅዱስ አልነበረም፤ ትዳሩም ሰላም አልነበረውም። ሰውየውን ግን በወጣበት በር ብቻ መመዘን ፍትሕ አይመስለኝም። ዛሬም በየስደቱ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚያድጉ ድምፀ መረዋ ልጆች አሉን። ነገ አንዱ ዘፈን ቢሞክር ፊታችንን ከማዞራችን በፊት ምን ይዞ እንደወጣና ለማን እንደሚዘፍን እንስማ። ምርጫውን ባንወደው እንኳ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ቤቱን የሚያስብ ልጅ እንዳለ ሳም ምስክር ነው።